ትኩሳትና ትርታ፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ጉንፋንን የሚመረምርበትና የሚያክምበት መንገድ

ትኩሳት ያለበት ጉንፋን በዘመናዊው ሕክምና ዓይን ሲታይ ከ200 በላይ ከሆኑ የቫይረስ ዓይነቶች በአንዱ የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ በራሱ የሚለቅ ሕመም ሲሆን፣ ለታማሚው የሚታዘዘውም ዕረፍት፣ ፈሳሽ ነገርና የትኩሳት ማስታገሻ ነው። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ግን ምርመራውን የሚጀምረው በሽታውን ካመጣው ነገር ሳይሆን በታማሚው ላይ ከሚታየው ነገር ነው፤ ብርድ ብርድ ይለው እንደሆነ፣ ላብ ወጥቶት እንደሆነ፣ ውሃ ይጠማው እንደሆነ፣ ማጅራቱ ደርቆ እንደሆነ፣ ጉሮሮውን ያቃጥለው እንደሆነ ይጠየቃል፣ ምላሱ ይታያል፣ በመጨረሻም የሁለቱም እጆቹ አንጓ በሦስት ጣት ይዳሰሳል። ስለዚህም በአንድ ቤትና በአንድ ሰሞን ጉንፋን የያዛቸው ሁለት ወንድማማቾች አንድ ባለሙያ ዘንድ ቢቀርቡ፣ ለአንደኛው ላብ የሚያስወጣ ብርቱ መድኃኒት ሲታዘዝ ሌላው ያንኑ መድኃኒት ሊከለከል ይችላል። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣና እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ መመርመር ይገባል፤ በትውፊቱ ውስጥ ለማንኛውም ሐኪም የሚጠቅም የጥንቃቄ ትምህርት አለና፣ ከዚያው ጋር ደግሞ ማስረጃ ያልተገኘላቸው፣ አንዳንዶቹም አደገኛ የሆኑ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉና።

የትውፊቱ መሠረት “ሻንግሃን ሉን” የተባለው መጽሐፍ ሲሆን፣ ስሙ በብርድ ስለሚመጣ ጉዳት የተጻፈ ድርሳን እንደማለት ነው። ጸሐፊው ዣንግ ዦንግጂንግ በ2ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ናንያንግ በተባለው ሥፍራ እንደተወለደ ይታመናል። ዘመኑ የሃን ሥርወ መንግሥት የሚፈራርስበት፣ ጦርነትና ወረርሽኝ የሚፈራረቁበት ነበር። በመጽሐፉ መቅድም እንደተገለጸው ቤተ ዘመዱ ቀድሞ ከ200 በላይ ነፍስ የነበረው ሲሆን፣ ከ196 ወዲህ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ሦስተኛው አለቀ፤ ከሞቱት ከየዐሥሩ ሰባቱን የገደላቸውም ይኸው ከብርድ መጣ የተባለው የትኩሳት በሽታ ነበር። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ “የብርድ ጉዳት” የተባለው ዛሬ ጉንፋን የሚባለው ቀላል ሕመም ብቻ አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛን፣ የሳንባ ምችንና ሌሎች ገዳይ ትኩሳቶችን ጭምር ያጠቃለለ ስም ነው። ዣንግ በዘመዶቹ ሞት ተነሥቶ የጻፈው ይህ ድርሳን ከሞቱ በኋላ ተበታትኖ፣ በ3ኛው ምዕተ ዓመት ዋንግ ሹሄ የተባለ ሐኪም ሰብስቦ አደራጀው፤ በ1065 ደግሞ የሶንግ ሥርወ መንግሥት የሕክምና መጻሕፍትን እንዲያርም ያቋቋመው ቢሮ አርሞ በኅትመት አወጣው። ከዚያ ወዲህ በቻይና ብቻ ሳይሆን በጃፓንና በኮሪያም የሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ኖሯል።

መጽሐፉ የትኩሳት በሽታን በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ታይያንግ የተባለው ሲሆን፣ በሽታው ገና በሰውነት ውጫዊ ክፍል፣ ማለትም በቆዳና በጡንቻ ዙሪያ ያለበት ጊዜ ነው፤ ምልክቶቹም ተንሳፋፊ የሚባለው ትርታ፣ የራስና የማጅራት ሕመም፣ እንዲሁም ብርድ ብርድ ማለት ናቸው። እስከዚህ ድረስ ታማሚዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ የሐኪሙ ጥበብ የሚፈተነው ከዚህ በኋላ ነው። ታማሚው ትኩሳት እያለው የሚያልበው፣ ነፋስ የሚያስጠላውና ትርታውም ለስለስ ያለ ከሆነ፣ የሚሰጠው ጉይ ዢ ታንግ የተባለው ቅማሜ ነው፤ ይህም ከቀረፋ ዛፍ ቀንበጥ፣ ፒዮኒ ከተባለው አበባ ሥር፣ ከዝንጅብል፣ ከቻይና ቴምርና ሊኮሪስ ከተባለው ጣፋጭ ሥር የሚዘጋጅ ነው። ትኩሳት እያለው ፈጽሞ የማያልበው፣ መገጣጠሚያው የሚቆረጥመው፣ የሚያፍነውና ትርታውም የተወጠረ ከሆነ ግን፣ ማ ሁዋንግ ታንግ ይታዘዝለታል፤ በዚህ ውስጥ ዋናው ኤፌድራ የተባለው ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የቀረፋ ቀንበጥ፣ የአፕሪኮት ፍሬ አስኳልና ሊኮሪስ ይታከሉበታል። ላብ የሌለበትና ማጅራትና ጀርባው አለቅጥ የሚደርቅበት ታማሚ ደግሞ ኩድዙ የተባለው ሐረግ ሥር የሚገባበትን ገ ገን ታንግ ይወስዳል፤ ይህ በጃፓን ካኮንቶ በሚል ስም እስከ ዛሬ በየፋርማሲው ለጉንፋን ይሸጣል። አንድ “የጉንፋን መድኃኒት” አለመኖሩ፣ ላብ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ሕክምናውን የሚለውጥ መሆኑ፣ የዚህ ሥርዓት ልዩ መታወቂያ ነው።

ሻንግሃን ሉን መድኃኒቱን ጠርቶ አይተውም፤ እንዴት እንደሚወሰድም በዝርዝር ያስቀምጣል፤ ምናልባትም ከመጽሐፉ ክፍሎች ሁሉ ዛሬም ተነቦ የሚያስደንቀው ይህኛው ነው። ጉይ ዢ ታንግ በ7 መስፈሪያ ውሃ ተጥዶ በዝግታ 3 እስኪቀር ይፈላና ተጠልሎ አንዱ መስፈሪያ ለብ እንዳለ ይጠጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ታማሚው ትኩስ የሩዝ አጥሚት ይጠጣበታል፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለትም ለሁለት ሰዓት ያህል ይተኛል። የሚፈለገው መላ ሰውነትን በስሱ የሚያረጥብ ላብ ነው፤ ላቡ እንደ ውሃ እንዲወርድ ማድረግ በሽታውን አያወጣውም ሲል መጽሐፉ ያስጠነቅቃል። በመጀመሪያው መጠን ላብ ወጥቶ ታማሚው ከተሻለው የቀረው አይጠጣም፣ ሁሉንም መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ካላላበው ግን ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው ይሰጠዋል፤ ሕመሙ ከጠና ቀንና ሌሊት እየታየ ይጠበቃል። ጥሬና ቀዝቃዛ ምግብ፣ ሥጋና አልኮል ለጊዜው ይከለከላሉ። በዚህ ውስጥ የታማሚውን ሁኔታ በየሰዓቱ የሚከታተል፣ መጠኑን ከምላሹ ጋር የሚያስተካክልና በቂ በሆነ ጊዜ መድኃኒት የሚያቆም ሐኪም ይታያል፤ ከ1,800 ዓመት በፊት ለተጻፈ መመሪያ ይህ ከፍ ያለ ማስተዋል ነው።

ትርታን የመዳሰሱ ጥበብ ከዚሁ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ባለሙያው ጠቋሚ ጣቱን፣ የመሐል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን በታማሚው አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በኩል በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ያሳርፋል፤ የመሐል ጣቱ ከአንጓው ከፍ ብሎ ከሚገኘው ጎበጥ ያለ አጥንት አጠገብ ይውላል፣ ጠቋሚው ወደ መዳፍ፣ የቀለበት ጣቱም ወደ ክርን ይሆናሉ። ሦስቱ ሥፍራዎች ጹን፣ ጓን እና ቺ ይባላሉ፤ በትውፊቱ መሠረትም በግራ እጅ ልብን፣ ጉበትንና ኩላሊትን፣ በቀኝ እጅ ደግሞ ሳንባን፣ ጣፊያንና እንደገና ኩላሊትን ያመለክታሉ። እያንዳንዱ ሥፍራ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ በመጠኑ፣ በመጨረሻም ጠበቅ ተደርጎ ይነካል። በቀላል ንክኪ ወዲያውኑ የሚሰማና ሲጫኑት የሚደክም ትርታ ተንሳፋፊ ይባላል፣ በሽታው ገና ውጭ መሆኑንም ያሳያል ይባላል፤ ጠበቅ ካላደረጉት የማይሰማው ደግሞ የሰጠመ ይባላል፣ የበሽታውንም ወደ ውስጥ መግባት ያመለክታል። ፍጥነቱ የሚለካው በሐኪሙ በራሱ ትንፋሽ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ አራት ወይም አምስት ጊዜ መምታት ጤነኛ፣ ሦስትና ከዚያ በታች ዘገምተኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ ፈጣኑም የሙቀት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ያው ሻንግሃን ሉንን የሰበሰበው ዋንግ ሹሄ “ማይ ጂንግ” በተባለው መጽሐፉ 24 የትርታ ዓይነቶችን ሲዘረዝር፣ ሊ ሺዠን በ1564 ቁጥሩን 27 አድርሶታል። የዚህ ዕውቀት ዝና አውሮፓም ደርሶ ነበር፤ በ1707 የሐኪሞችን የትርታ መቁጠሪያ ሰዓት ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ከቻይና የመጡ ጽሑፎችን አጥንቶ ነበር።

ይህ ዳሰሳ ምን ያህል እውነት ይናገራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ገጽ አለው። ትኩሳት ሲጀምር አንጎል የሰውነትን ሙቀት ከፍ እንዲል ስለሚያዝ በቆዳ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ አያልበውምም፤ ትኩሳቱ ሊበርድ ሲል ደግሞ እነዚያው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብም ይወጣል። ስለዚህ ላብ የሌለው ታማሚ ትርታው የተወጠረ፣ የሚያልበው ደግሞ ለስለስ ያለ ሆኖ መገኘቱ ከሰውነት አሠራር ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ የልብ ምትም በትኩሳት መፍጠኑ በየትኛውም ሆስፒታል የሚመዘገብ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ራሱ የሚፈርስበት ጊዜ አለ፤ በታይፎይድ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ እየጋለ ምቱ ከሚጠበቀው በታች ዝግ ሊል ይችላልና፣ ሙቀትን በትርታ ፍጥነት ብቻ የሚመዝን ባለሙያ ሊሳሳት ይችላል። ከሁሉም በላይ በአንድ የደም ሥር ላይ በጣት ስፋት የተራራቁ ነጥቦች ጉበትንና ኩላሊትን ለይተው ይናገራሉ የሚለው አባባል በአካል ጥናት የተረጋገጠ መሠረት የለውም። ብዙ ባለሙያዎች አንድን ታማሚ ለየብቻቸው እንዲዳስሱ ተደርጎ በተካሄዱ ጥናቶችም የንባባቸው መጣጣም ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ጠንቃቃዎቹ የትውፊቱ ሊቃውንት ራሳቸው ትርታን ከመጠየቅ፣ ከመመልከትና ከማዳመጥ ነጥለው እንዲጠቀሙበት አላስተማሩም፤ ጣቱን አሳርፎ፣ ቃል ሳይጠይቅ በሽታ እነግራለሁ የሚል ሰው ከዘመናዊው ሳይንስ ብቻ ሳይሆን ከገዛ መምህራኑም የተለየ ነው።

የዣንግ ትምህርት ለዘመናት ሲከበር ቢኖርም ሳይጠየቅ አልቀረም። በ1640ዎቹ መጀመሪያ፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ ብዙ ክፍለ ሀገሮችን የመታ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ዉ ዮሺንግ የተባለ ሐኪም ባልደረቦቹ የጥንቱን መጽሐፍ ተከትለው ሲያክሙ ሰው እንደማይድንላቸው አስተዋለ፤ በ1642 በጻፈው መጽሐፍም ወረርሽኙ የሚመጣው ከብርድ ሳይሆን በአፍና በአፍንጫ ከሚገባ ልዩ ክፉ ነገር ነው አለ። ይህን የተናገረው ጀርም ከመታወቁ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከእርሱ በኋላ ዬ ቲየንሺ፣ ቀጥሎም በ1798 መጽሐፉን ያጠናቀቀው ዉ ጁቶንግ፣ የሞቃት በሽታዎች ትምህርት የሚባለውን አሳደጉት። በዚህ ትምህርት መሠረት ትኩሳቱ የሚያይል፣ ብርዱ ግን ትንሽ የሆነ፣ ጉሮሮው የሚያቃጥለው፣ የሚጠማውና ትርታው ተንሳፋፊና ፈጣን የሆነ ታማሚ የቀረፋ ቀንበጥና ኤፌድራ አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ዪን ቺያው ሳን የተባለው፣ ሃኒሰክል ከተባለው ሐረግ አበባ፣ ከፎርሲቲያ ፍሬ፣ ከናና ዝርያ ቅጠልና ከሸምበቆ ሥር ከሌሎችም ጋር የሚቀመመው ዱቄት ነው። ዛሬ በቻይና መድኃኒት መደብሮች ለጉንፋን የሚሸጡት ብዙዎቹ እንክብሎች የዚህ ቅማሜ ልጆች ናቸው። አንድ ትውፊት መሥራቹን ሳይንቅ ስሕተቱን ማረም መቻሉ ለሌሎች አገሮች ባህላዊ ሕክምናም ትልቅ ትምህርት ነው።

እነዚህ ዕፀዋት ደካማ ናቸው፣ ቢጠቅሙ እንጂ አይጎዱም የሚለው እምነት ግን ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ናጋይ ናጋዮሺ በ1885 ከኤፌድራ ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ፤ በ1924 ደግሞ በቤይጂንግ ይሠሩ የነበሩት ኬ.ኬ. ቼንና ካርል ሽሚት ጠባዩን ለዓለም አሳወቁ፤ ኤፌድሪን የሳንባ ቱቦዎችን የሚከፍት በመሆኑ ለአስም መድኃኒት ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ይኸው ንጥረ ነገር የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ በሰፊው ሲሸጥ የልብ ድካምና የአንጎል ደም መፍሰስ በተጠቃሚዎች ላይ በመከሰቱ፣ መንግሥት በ2004 ኤፌድራ ያለባቸውን የምግብ ማሟያዎች ከገበያ አገደ። ሻንግሃን ሉን ራሱ አፍንጫቸው አዘውትሮ የሚደማ፣ ጉሮሯቸው የደረቀና በቺ ሥፍራ ትርታቸው የዘገየ ሰዎች በመድኃኒት እንዲያልባቸው አይደረግ ብሎ ነበር። ሊኮሪስ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ወይም በብዛት ከተወሰደ የሰውነትን ፖታሲየም ቀንሶ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የአፕሪኮት አስኳልም መጠኑ ካለፈ በሰውነት ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን በጃፓን የደረሰው ነው። ብርድና ትኩሳት ለሚፈራረቅበት፣ አፉ ለሚመርረው ታማሚ የታሰበው ሺያው ቻይ ሁ ታንግ የተባለው ቅማሜ በዚያ አገር ለጉበት በሽታ በብዛት መታዘዝ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ ከተጠቃሚዎቹ አንዳንዶቹ ከባድ የሳንባ መቆጣት ደርሶባቸው የሞቱም ስለነበሩ፣ የአገሪቱ መንግሥት በ1996 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቅማሜው የታማሚው ሁኔታ ተለይቶ እንዲሰጥ የተሠራ ሲሆን፣ በበሽታው ስም ብቻ ለሁሉም መታደሉ ብዙ ሐኪሞችን አሳስቧል።

ጥቅሙን በሚዛን ለመለካት የተደረገ ሙከራም አለ። በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በተስፋፋ ጊዜ፣ በቻይና አራት ክፍለ ሀገሮች በሚገኙ 11 ሆስፒታሎች 410 ሕመማቸው ያልተወሳሰበ ታማሚዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ፤ አንደኛው ክፍል ያለ መድኃኒት፣ ሁለተኛው ኦሴልታሚቪር በተባለው ዘመናዊ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት፣ ሦስተኛው የኤፌድራውንና የዪን ቺያው ሳንን ዕፀዋት ባጣመረ ቅማሜ፣ አራተኛው በሁለቱም ታከመ። በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ትኩሳቱ እስኪለቅ የወሰደው አማካይ ጊዜ ያለ መድኃኒት 26 ሰዓት፣ በኦሴልታሚቪር 20፣ በዕፀዋቱ 16፣ በሁለቱ ጥምር ደግሞ 15 ሰዓት ያህል ነበር። ውጤቱ ሊናቅ አይገባውም፤ ሆኖም ታማሚዎቹም ሐኪሞቹም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ስለነበር፣ ለማነጻጸሪያም አስመሳይ መድኃኒት ስላልተሰጠ፣ የተገኘው ልዩነት ሁሉ የዕፀዋቱ ነው ማለት አይቻልም። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋምም ስለ ተራ ጉንፋን የተደረጉትን የቻይና ዕፀዋት ጥናቶች መርምሮ፣ አብዛኞቹ ጥራታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ የትኛውንም ቅማሜ ለመምከር አያበቁም ብሏል። ለዚህ ትውፊት የሚቆረቆር ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባው ዝናውን የሚያበዛ ወሬ ሳይሆን የተሻለ ጥናት ነው።

ትኩሳት ሁሉ ጉንፋን አለመሆኑ ደግሞ ከማንኛውም የቅማሜ ክርክር ይቀድማል። መተንፈስ የሚቸግረው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ማጅራቱ ደርቆ ብርሃን የሚጠላ፣ ግራ የሚጋባ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ የወጣበት፣ ወይም ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ፣ ትርታ ከሚዳስስ ሰው አስቀድሞ ላቦራቶሪ ወዳለበት ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ወባ ባለበት አገር ደግሞ ብርድ ብርድ ብሎት ቀጥሎ የጋለ ሰው ደሙ ሳይመረመር ጉንፋን ነው ተብሎ ቤት ሊውል አይገባም።

የቻይና የትኩሳት ዕፀዋት ከኢትዮጵያ ጋር በእውነት የሚገናኙትም በዚሁ በወባ በኩል ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ገ ሆንግ የተባለ ጸሐፊ እየተመላለሰ ለሚነሣ ትኩሳት ቺንግሃው የተባለውን ተክል በውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት እንደሚጠቅም ጽፎ ነበር፤ በኢትዮጵያ ዳማከሴ ለምች እንደሚጨመቀው ሁሉ ሳይፈላ ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ይህን ጥንታዊ ምክር ስታነብ፣ ሙቀት የመድኃኒቱን ኃይል እያጠፋው ሊሆን እንደሚችል ገመተች፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አማካይነት ባወጣችው ቅምም በአይጥ ወባ ላይ ውጤት አገኘች፣ በ1972ም እርሷና ባልደረቦቿ በራሳቸው ላይ ሞክረው ደኅንነቱን ካረጋገጡ በኋላ ለሕሙማን ሰጡት። አርቴሚሲኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲህ ተገኘ፤ ቱ ዩዩም በ2015 የኖቤል ሽልማትን ተካፈለች። ኢትዮጵያ ከዚሁ ንጥረ ነገር የተገኘውን አርቴሜተር ከሉሜፋንትሪን ጋር አጣምሮ የያዘውን እንክብል፣ ብዙ ሰው ኮአርተም በሚለው ስሙ የሚያውቀውን፣ በ2004 ፋልሲፓረም በተባለው ተውሳክ ለሚመጣ ላልተወሳሰበ ወባ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት አድርጋ ተቀብላለች። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የዚህኑ ተክል ቅጠል አድርቆ እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣትን ለወባ ሕክምና አይደግፍም፤ በአንድ ኩባያ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይ፣ አነስተኛው መጠን በሽተኛውን ሳያድነው ቀርቶ ተውሳኩን መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርገው ይችላልና።